«እንዳለ» ማለት የትኛውን ነው? በ47ቱ ሮኒኖች ላይ የተነሳ ክርክር

ሥዕል ወዳጅ፦
ትናንት ማታ «ጎራዴው» የሚባለው የቡድናችን አባል እዚህ የጻፈው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የ47ቱን ሮኒኖች፣ ማለትም ጌታቸው አሳኖ ሲሞትባቸው ኪራ የሚባለውን የቤተ መንግሥት ሹም ገድለው የተበቀሉለትን የጃፓን ሳሙራዮች ታሪክ፣ እንደገና በግራፊክ ኖቭል ስለመሥራት እያወራን ነበር። እኔ «ኪራ እንደ ሰው ይሣል፣ የጭራቅ ፊት አይሰጠው» አልኩ። የተመለሰልኝ ይህ ነው፦ «ታሪኩን እንዳለ አቅርቡት። ኪራን ማሳዘን ለሞቱት ክህደት ነው።»
እሺ፣ እንዳለ። የትኛው ነው እንዳለ? በሚያዝያ 1701 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አኮ የሚባለው ግዛት ጌታ አሳኖ በኤዶ (በዛሬዋ ቶኪዮ) ቤተ መንግሥት ውስጥ አጭር ጎራዴውን መዞ ኪራን ግንባሩና ጀርባው ላይ አቆሰለው። እዚያው የነበረው ካጂካዋ የሚባል ሹም ነው አሳኖን አንቆ የያዘው። የጻፈውም ትቶልን ሄዷል። አሳኖ ስለ ቂም ጮኸ ይላል። ቂሙ ምን እንደሆነ ግን አሳኖ ሳይናገር በዚያው ቀን ሆዱን ቀዶ እንዲሞት ተፈረደበት። ኪራ ጉቦ ጠይቆ ተከልክሎ ነው፣ አዋርዶት ነው የሚለውን ሁላችንም የምናውቀው ከተረት ነው። ታዲያ እንዳለ ካልን የኪራ ክፋት የሚሣልበት ገጽ ባዶ መሆን አለበት።

ጎራዴው፦
ቃሌን ከነአውዱ ውሰደው። እኔ እንዳለ ያልኩት ሕዝቡ እንደያዘው ማለቴ ነው። ጃፓኖች ይህን ታሪክ 300 ዓመት ያለቀሱበት በካጂካዋ ማስታወሻ አይደለም። በአሻንጉሊት ቲያትር ነው፣ በካቡኪ ድራማ ነው፣ በእንጨት ኅትመት ሥዕል ነው። ኪራ ክፉ ካልሆነ የእነዚያ ሰዎች ሞት ምንድን ነው? መሪያቸው ኦይሺ ኩራኖሱኬ ለምን ተሰቃየ? የገዛ ልጁን፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ፣ ይዞ የገባው ለምንድን ነው?

ሚሚ፦
እኔም የምለው እሱን ነው። ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሚቀርበት መጽሐፍ ነው የሚያስፈልገን። በጥር 1703 ሌሊት ሮኒኖቹ የኪራን በር ሰብረው ሲገቡ ከእነሱ አንድም ሰው አልሞተም። ከኪራ ወገን ግን 15 ያህል ሰው ሞቷል። እነዚያም ሎሌዎች ናቸው። እነሱም ለጌታቸው ሲሉ ነው የሞቱት። ታማኝነት ከተባለ እነሱ ታማኝ አይደሉም? አንድ ገጽ የሰጣቸው ሰው አላየሁም።

ጎራዴው፦
እህቴ፣ ዘበኛና ደም መላሽ አንድ አይደለም።

ሚሚ፦
ለእናቱ አንድ ነው።

ሥዕል ወዳጅ፦
ጎራዴው፣ «ሕዝቡ እንደያዘው» ካልክ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። የታወቀው ቲያትር የወጣው በ1748 ነው። በጊዜው የነበረውን የመንግሥት ጉዳይ መድረክ ላይ ማውጣት ክልክል ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ወደ 14ኛው መቶ ዘመን ወሰዱት፣ ስም ሁሉ ቀየሩ። ኦይሺ ኦቦሺ ሆነ፣ ኪራ ሞሮናኦ ሆነ። ሞሮናኦ የአሳኖን ሚስት የተመኘ ባለጌ ተደረገ። ይህ ከኪራ ታሪክ ሳይሆን ከቲያትሩ የመጣ ነው። ሕዝቡ የያዘው ገና ከመነሻው የተነካካ ነው። ሁሉም ትውልድ ነካክቶታል። እኛ ላይ ሲደርስ ለምን ክህደት ይሆናል?

ጋሽ ብራና፦
ልጆች፣ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። በአማርኛ የሚሠራ ከሆነ «ሮኒን»ን ምን ልትሉት ነው? ባለፈው አንዱ «ሽፍታ» ብሎ ጽፎ አየሁ። አንጀቴ ነው ያረረው። ሽፍታ በገዛ ፈቃዱ ጫካ የገባ ነው። ሮኒን ጌታው ሞቶበት ወይም ርስቱ ተወርሶበት መድረሻ ያጣ ነው። የቃሉ ትርጉም እንደ ሞገድ የሚንከራተት ሰው ማለት ነው።

ፒያሳ 2፦
ጋሼ፣ ሌሊት ተሰብስቦ ቤት ሰብሮ አንገት የቆረጠ ሰው በእኛ ቋንቋ ሽፍታ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ጋሽ ብራና፦
ከዚያ በኋላ ራሱ ሄዶ እጁን ከሰጠ ሽፍታ አይባልም። የኪራን አንገት ይዘው ከተማውን በእግር አቋርጠው ሴንጋኩጂ ገዳም ደረሱ። በጉድጓዱ ውኃ አጠቡት። ጌታቸው መቃብር ላይ አኖሩት። ሁለት ሰው ልከው አሳወቁና ፍርዳቸውን ጠበቁ። እንዲህ የሚያደርግ ሽፍታ ካለ አሳየኝ።

ፒያሳ 2፦
ብዙ ሽፍታ እጁን ሰጥቷል ጋሼ።

ጋሽ ብራና፦
ምሕረት ለማግኘት! እነዚህ እኮ እንደሚሞቱ ያውቃሉ። ሮኒን የሚለው ቃል እንዳለ ይቀመጥ። ሌላ ቃል አያስፈልገውም።

ሥዕል ወዳጅ፦
«እንዳለ» እዚህ ላይ ትክክለኛ ቦታው ነው ጋሼ።

ከቶኪዮ የተመለሰ፦
ሴንጋኩጂን በዓይኔ አይቻለሁ። መግቢያው ላይ ዕጣን ትገዛለህ፣ ለእያንዳንዱ መቃብር ታኖራለህ። ጭሱ ልብስህ ላይ እስከ ማታ አይለቅም። አሮጊቶች ጎንበስ እያሉ አንዱንም ሳይዘሉ ያዳርሳሉ። ጉድጓዱም አለ። ያንን ካየሁ በኋላ «ገዳዮች ናቸው» የሚል ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። በየዓመቱ ዲሴምበር 14 በዓል አላቸው። ሕዝብ ያከበረውን እኛ ከሩቅ ሆነን ማቃለል የለብንም።

ሚሚ፦
ያቃለለ የለም። ግን ኪራ በሚባለው የራሱ አገር፣ የዛሬው አይቺ ውስጥ፣ ያው ሰውዬ ደግ ጌታ ተብሎ ነው የሚታወሰው። የጎርፍ መከላከያ ግድብ አሠርቷል፣ በቀይ ፈረስ እየዞረ ገበሬውን ያይ ነበር ይባላል። እነዚያም ጃፓኖች ናቸው። የእነሱ አሮጊት አሮጊት አይደለችም?

ጎራዴው፦
ግድብ የሠራ ሁሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰው አያዋርድም ማለት ነው? ዋናውን ነገር ደግሞ ዘለላችሁት። የተጣሉ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ይቀጣሉ፣ በዚያ ዘመን የታወቀው ልማድ ይኼ ነበር። አሳኖ ሞተ። ምርቱ 50 ሺህ ኮኩ (የሩዝ መስፈሪያ ነው) የሚገመት ግዛት የነበረው ቤቱ ፈረሰ። ከ300 በላይ ሎሌ ሜዳ ላይ ተበተነ። ኪራ ምን ሆነ? ምንም! የአገሩ ገዢ፣ ሾገኑ ሱናዮሺ፣ አይዞህ አለው። ይህን ያየ ሎሌ ምን ያድርግ? ፍርድ ሲጓደል ሰው ምን እንደሚሰማው ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ፒያሳ 2፦
ኪራ እኮ ጎራዴ አልመዘዘም። አንዱ መታ፣ አንዱ ተመታ። ጸብ የሚባለው የቱ ነው? የተመታውን ሰው ምን ብለው ይቅጡት?

ጎራዴው፦
በቃሉም ሰው ይገደላል።

ሥዕል ወዳጅ፦
አየህ፣ በዚያው ዘመን የነበሩ ሊቃውንት እንኳ አልተስማሙም። ሙሮ ክዩሶ የሚባለው ጻድቃን ናቸው ብሎ ጻፈላቸው። ሳቶ ናኦካታ የለም፣ ሕግ የጣሱ ናቸው አለ። ሃጋኩሬ የሚባለው የሳሙራይ መጽሐፍ ባለቤት ደግሞ የነቀፋቸው በመቆየታቸው ነው። ኪራ በመሃል ታሞ ቢሞትስ? አለ። ለእሱ ወዲያው ሄዶ መሞት ነበረባቸው። እኔ መጽሐፉ ይህን ክርክር እንዲይዝ ነው የምፈልገው። መቆየታቸውን ሣሉት! ከአሳኖ ሞት እስከ ጥቃቱ ወደ 2 ዓመት ገደማ ነው። ኦይሺ መጀመሪያ የለፋው ለበቀል አልነበረም፤ በአሳኖ ወንድም በኩል ቤቱ እንዲመለስ ነበር። በነሐሴ 1702 ያ ተስፋ ሲጨልም ነው ለበቀል የቆረጠው። ፊልም ይህን በሁለት ደቂቃ ያልፈዋል። ኮሚክ ግን ዝም ያለ ገጽ አለው። አንድ ሰው ደብዳቤ ሲጠብቅ፣ ወቅቱ ሲቀየር፣ ያለ አንድ ቃል 10 ገጽ መሄድ ትችላለህ።

ጎራዴው፦
በዚህ እስማማለሁ። በኪራ ግን አልስማማም።

ጋሽ ብራና፦
እኔ አሁንም ሌላ ነገር አለኝ። ከጃፓን የተሣለውን ወስዳችሁ በአማርኛ ልታትሙ ከሆነ ገጹን አትገልብጡት። እነሱ ከቀኝ ወደ ግራ ያነባሉ። እኛ እንዲመቸን ብለን እንደ መስታወት ከገለበጥነው ጎራዴው ከግራ ጎን ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ኪሞኖው ነው። የግራው ከላይ ሆኖ ነው የሚደረበው። የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ሲገነዝ ነው። ገልብጣችሁ ካተማችሁት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሁሉም የሬሳ ልብስ ለብሶ ይሄዳል።

ሚሚ፦
ጋሼ፣ ይህን አላውቅም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

ከቶኪዮ የተመለሰ፦
ልብስ ከተነሳ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁርና ነጭ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ጌጥ ያለው ካባ ለብሰው የሚሣሉት ከቲያትር የመጣ ነው። የኦይሺ ከበሮም እንደዚያው።

ጎራዴው፦
እና ይውጣ? ከበሮው ይውጣ? ካባው ይውጣ? በረዶውም ይውጣ በላ! ምን ቀራችሁ? 46 ይሁኑ ወይስ 47 ልትሉኝ ነው አሁን።

ፒያሳ 2፦
ጥሩ ጥያቄ ነው እኮ። በመጋቢት 1703 ሆዳቸውን ቀደው የሞቱት 46 ናቸው። ቴራሳካ የሚባለው ተራ እግረኛ ቀርቷል። በመልእክት ተልኮ ነው የሚል አለ፣ ጠፍቶ ነው የሚል አለ። ሽምግልና ደርሶ ነው የሞተው። ለእኔ የመጽሐፉ ተራኪ እሱ መሆን አለበት።

ጎራዴው፦
ከ47 ጀግና መሃል የቀረውን አንድ ሰው መረጥክ።

ፒያሳ 2፦
የሚተርክ የተረፈ ነው ወንድሜ። የሞተ እንዴት ይተርካል?

ሥዕል ወዳጅ፦
ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ ገጽ እየሣልኩ ነው። ኪራ የተገኘበት የከሰል ማስቀመጫ ክፍል። ከ60 ዓመት ያለፈ ሽማግሌ ነው። ነጭ የሌሊት ልብስ ለብሷል። ውጭው በረዶ ነው። ፋኖስ ያስገባሉ። ማን እንደሆነ አይናገርም። ልብሱን ገልጠው የጀርባውን ጠባሳ ያያሉ። ጠባሳው አሳኖ የተወው ነው። ጎራዴው፣ እስቲ ንገረኝ፣ በዚያች ሰዓት ይህ ሰውዬ ምን ዓይነት ፊት ይኑረው? የክፉ ፊት? ከሰል ውስጥ የተወሸቀ፣ ብርድ ያንቀጠቀጠው ሽማግሌ እንዴት አድርጌ ነው ክፉ የማስመስለው?

ጎራዴው፦
ሣለው እንደፈለግህ። ግን ፋኖሱን የያዘውንም ሰው ፊት ሣል። ወደ 2 ዓመት ያልተኛ ሰው ነው። እሱን ከኋላው ብቻ ካሳየኸኝ አላነበውም።

ሚሚ፦
ደጅ የወደቁት የኪራ ዘበኞችስ?

ጎራዴው፦
ሚሚ፣ ስለ እነሱ ነገ እንመጣበታለን።

ሚሚ፦
ሁልጊዜ ነገ ነው የሚባሉት።