በክረምቱ ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ ምን ብንሠራ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሽምብጥ እናት

ጤና ይስጥልን። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው፤ የ11 ዓመት ወንድና የ7 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልጆቹ ክረምቱን ስልክ ላይ እንዳይጨርሱት ብዬ ሃያ የሚሆኑ የእጅ ሥራዎችን ከኢንተርኔት ለቅሜ በደብተር ጽፌ ነበር። ዝርዝሩ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። ግማሹ እዚህ የማይገኝ ዕቃ ይጠይቃል፤ ግማሹ ደግሞ በአንድ ሰዓት ያልቅና ልጆቹ “አሁንስ ምን እንሥራ?” እያሉ ፊቴ ይቆማሉ። በፊኛ ላይ አሮጌ ወረቀት በዱቄት ሙጫ እየለጠፍን የሠራነው የዓለም ሉል በሐምሌ እርጥበት አልደርቅ ብሎ በአምስተኛው ቀን ሻገተ። ወንዱ ልጄ አህጉሮቹን ሊስልበት ቀለም አዘጋጅቶ ይጠብቅ ስለነበር ከዚያ ወዲህ እንሥራ ስለው ፊቱን ያዞራል።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ከልጆቹ ጋር የምገናኘው ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላና ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ቀን ቀን ከእናቴ ጋር ይውላሉ። ብዙ ወጪ የሌለው፣ እስከ መስከረም የሚያቆይ፣ ጥቂትም ቢሆን ትምህርት ያለው ሥራ የሞከራችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሳይንስ መምህር

እህቴ፣ ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም፤ በደረቅ አገር የተጻፈን ሥራ በእኛ ሐምሌ መሞከር ለማንም አይሳካም። ዝናቡ ሥራችሁን ካበላሸው ዝናቡን ራሱን ሥራ አድርጉት። እኔ ከልጆቼ ጋር ሁለት ክረምት የሠራሁት የዝናብ መለኪያ ነው፤ ወጪው አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክና አንድ ማስመሪያ ነው።

የፕላስቲኩን አንገት ቆርጣችሁ፣ ክዳኑን አንሥታችሁ፣ እንደ ማጥለያ ገልብጣችሁ መልሳችሁ አፉ ላይ ትሰኩታላችሁ፤ ይህም የገባው ውኃ እንዳይተን ይረዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከታች በኩል ነው። የፕላስቲኩ መቀመጫ ወጣ ገባ ስለሆነ ማስመሪያው ከዚያ ከተነሣ ልኩ ይዛባል። ስለዚህ ጠጠር ጨምራችሁ፣ ጎኑ ቀጥ ብሎ እስከሚጀምርበት ድረስ ውኃ ሙሉና እዚያ ላይ “0” ብላችሁ አስምሩ። ጠጠሩ ነፋስ እንዳይጥለውም ይጠቅማል። ከጣራና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወንዱ ያንብብ፣ ትንሿ በደብተር ትመዝግብ፣ ከዚያም ውኃውን እስከ ዜሮው መስመር ድረስ አፍስሱት።

ትምህርቱ የሚመጣው ከመዝገቡ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ልጁ የቤታችሁን ጣራ ስፋት በሜትር ይለካና ያስላ፤ 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 800 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። የእኔ ልጅ ይህን ባወቀ ማግሥት በየጎረቤቱ እየሄደ የጣራ ስፋት ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ጣና ውሰዷቸው። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሆኖ ሳለ ሐይቁ ከፍ ብሎ የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት ለምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚያስገቡት ውኃ ከሐይቁ ከሚወጣውና ከሚተነው እስከበለጠ ድረስ ሐይቁ እየሞላ እንደሚሄድ፣ የመዘገቡትን እያዩ ራሳቸው ይደርሱበታል።

መልስ፦ ባለ ሰፌድ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው “ከእናቴ ጋር ይውላሉ” ባልሽው ላይ ነው። እናትሽ የሰፌድ ስፌት ያውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ በእኛ ዕድሜ ካሉት የማያውቅ ጥቂት ነው። የስፌቱን ሣር፣ አክርማና ሰንደዶ፣ ባለፈው ዓመት ደርቆ የተቀመጠ ቅዳሜ ገበያ ታገኛለሽ። ወስፌ ከቤት አይጠፋም። ለሰባት ዓመት ልጅ ሰፌድ አትጀምሪላት፤ መዳፍ የምታክል የብርጭቆ ማስቀመጫ ይበቃታል። መነሻውን አያቷ ጠምዝዘው ይስጧት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ለትንሽ ጣት በጣም ያስቸግራሉ፤ ልጆች ተስፋ የሚቆርጡትም እዚያ ላይ ነው። ሰንደዶው ውኃ ውስጥ ቆይቶ ካልለሰለሰ ይሰበራል።

የእኔ የልጅ ልጅ ማባዛትን የለመደችው በዚህ ነው። ቀዩ ጌጥ በዙሪያው አራት ቦታ እንዲመጣ ከተፈለገ፣ የዙሩ ስፌት ለአራት እኩል መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለ መጨረሻው ላይ አይገጥምም፣ መፍታት ነው። ሦስት ጊዜ ከፈታች በኋላ ሳትቆጥር መስፋት ተወች።

መልስ፦ ጣና ዳር ያደገ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው፤ እኔ ታንኳ እጨምራለሁ። ትልቁን ማለቴ አይደለም፤ አንድ ክንድ የሚሆን፣ በመታጠቢያ ሳፋ ውስጥ የሚንሳፈፍ። ታንኳ ከሚሠራበት ከሐይቁ ዳር ተክል፣ ከደንገል፣ ጥቂት ዘንግ ይበቃል። ልጁ በመጀመሪያ ዘንጉን በአግድም ቆርጦ ይየው፤ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡም ነጭና እንደ ስፖንጅ ያለ ነው። ታንኳው የሚንሳፈፈው በዚያ ውስጥ በተያዘው አየር ነው። ዘንጎቹን ለሁለት ቀን አጠውልጋችሁ በቃጫ ጥፈሯቸው፤ አፍንጫውን ቀና አድርጋችሁ በገመድ ወደ ኋላ ሳቡት።

ከዚያ ፈተናው ይጀመራል። አንድ ዓይነት ሁለት ታንኳ ሠርታችሁ፣ አንዱን ሦስት ቀን ውኃ ላይ ተዉት፣ ሌላው ደረቅ ይሁን። ቀጥሎ እስኪሰምጡ ድረስ የአንድ ብር ሳንቲም እየጨመራችሁ ቁጠሩ። ታንኳ ቀዛፊዎች ከሥራ ሲመለሱ ታንኳቸውን ጎትተው ለምን እንደሚያደርቁት ልጆቹ ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አይፈልጉም።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ደንገሉን ለመቁረጥ ልጆቹ ወደ ውኃው እንዳይገቡ። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ይወጣል። ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች ጥቂት ዘንግ ቢጠይቋቸው በትንሽ ገንዘብ ይሰጣሉ።

መልስ፦ አባት

ሁሉም መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንዱ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 6ኛ ክፍል የሚያልፍ ከሆነ፣ ክረምቱ በማጠናከሪያ ትምህርት ቢያልፍ አይሻልም ወይ? የእኔ ልጆች በሳምንት አምስት ቀን ይማራሉ።

መልስ፦ የሳይንስ መምህር

ወንድሜ፣ ማጠናከሪያ የሚያስፈልገው ልጅ መኖሩን አልክድም። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኩትን ልጅ በሐምሌም ያንኑ መጽሐፍ ይዤ ስጠብቀው መስከረም ላይ ደክሞ እንደሚመጣብኝ አይቻለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ይማር፤ በቀረው ጣራ ይለካ።

ጥያቄ አቅራቢዋ፣ ነሐሴ 16፦ የሽምብጥ እናት

ምስጋናዬን ለማቅረብና የሆነውን ለመንገር ነው። ከሦስቱ ሁለቱን ሞክረናል፤ ታንኳው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል። ስፌቱን እናቴ ከጠበቅሁት በላይ ወደደችው፤ ከሥራ ስመለስ ልጄና እርሷ በረንዳው ላይ አንድ ሳህን ውኃ መካከላቸው አስቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ማስቀመጫው አራተኛ ዙር ላይ ነው፤ ትንሽ ጎብጧል፣ ማንም እንዲያቃናው ግን አልተፈቀደም።

የዝናብ መለኪያው ጭቅጭቅ አስነሣ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት 71 ሚሊ ሜትር ተነበበ፤ ሌሊቱን ግን ይህን ያህል አልሰማንም። ወንዱ ልጄ በክረምቱ የመጀመሪያውን መለኪያ አብሮት ወደሠራው ጎረቤት ልጅ ሮጦ ሲጠይቅ፣ እዚያ 9 ብቻ ነበር። ለካ ትንሿ “ሪከርድ እንዲሰበር” ብላ በጣሳ ጨምራበት ኖሯል። እርሱም ቁጥሩን አልሰረዘውም፤ አጠገቡ “እኅቴ” ብሎ ጻፈበትና ከወሩ ድምር አወጣው። መምህር፣ ይህን ቀን እንዳልተለካ አድርገን እንተወው ወይስ የጎረቤቱን 9 እንውሰድ?