ግሪን ቲ እንዴት ይፈላል? ለጤናስ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁም። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ አንድ ቆርቆሮ ግሪን ቲ አምጥታልኛለች። ባለ ከረጢቱ ሳይሆን ደረቅ ቅጠሉ ነው። እንደ ቀይ ሻይ ውሃው ሲንተከተክ ጨምሬ ሳፈላው ሬት ይሆንብኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ቦርጭ ያጠፋል፣ ግፊትም ያወርዳል ይላሉ። እኔ የደም ማነስ አለብኝ። እናቴ የልብ ቫልቭ ተቀይሮላት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ እሷም ልሞክረው እያለች ነው። እንዴት ነው የሚዘጋጀው? ለሁለታችንስ ችግር የለውም? የምታውቁ እባካችሁ።

ሻይ ወዳድ (ዋሽንግተን ዲሲ)
ምሬቱ ከውሃው ሙቀት ነው። ግሪን ቲ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ይበቃዋል። ሐዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሱም ቢሆን ይበዛበታል። ቴርሞሜትር አያስፈልግሽም። የፈላውን ውሃ መጀመሪያ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ቅጂው፣ ከዚያ ወደ ሌላ ብርጭቆ ገልብጪው። በተገለበጠ ቁጥር 10 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ላይ አፍስሺው። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅጠል በቂ ነው። ሁለት ደቂቃ ጠብቀሽ አጥልዪው። ቅጠሉን እንዳትጥዪው፣ ለሁለተኛ ጊዜም ይሆናል፤ እንዲያውም እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ቅርንፉድና ቀረፋ ለቀይ ሻይ ነው የሚያምረው። እዚህ ላይ ጣዕሙን ይውጠዋል። ቆርቆሮውንም በደንብ ከድነሽ ከቡናና ከበርበሬ አርቀሽ አስቀምጪው፤ ቅጠሉ ሽታ ቶሎ ይስባል።

የቦንጋ ልጅ
እኔ ያደግኩት ውሽውሽ የሻይ እርሻ አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ግሪን ቲ ሌላ ተክል ይመስለዋል። አይደለም፣ ያው የሻይ ቅጠል ነው። የሚለየው ከተለቀመ በኋላ የሚደረግለት ነገር ነው። ለቀይ ሻይ ቅጠሉ ጠውልጎ ይፈጫል፣ አየር እያገኘው እስኪጠቁር ይቆያል፣ ከዚያ ይደርቃል። ግሪን ቲ ግን እንዳይጠቁር እንደተለቀመ ቶሎ ሙቀት ያገኛል። ጃፓኖች በእንፋሎት ይመቱታል። ቻይናዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ እያገላበጡ ያምሱታል። ከዚያ ይጠቀለላል፣ ይደርቃል። አረንጓዴነቱ የሚቀረው ለዚህ ነው። ካቴኪን የሚባሉት ንጥረ ነገሮችም ከቀይ ሻይ በላይ ይቀሩበታል። ለጤና ይጠቅማል የሚባለውም፣ ሲበዛ የሚመረውም በዋናነት እሱ ነው።

ፋርማሲስት (አዲስ አበባ)
እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ዋርፋሪን ቀልድ አያውቅም። የሻይ ቅጠል ቫይታሚን ኬ አለው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያዳክማል። ተጠልሎ በሚጠጣው ሻይ ውስጥ ያለው ትንሽ ነው። በብዛት ሲጠጣ ግን መድኃኒቱን እንዳዳከመ ታይቷል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው ይህ ማለት ደም መርጋት ነው። ስለዚህ እናትሽ ለሐኪማቸው ሳይናገሩ እንዳይጀምሩ። ከተፈቀደላቸው በቀን አንድ ሲኒ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጠጡ፤ ደማቸው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየውን የአይኤንአር ምርመራቸውንም አያሳልፉ። ማቻ የሚባለው ዱቄት ቅጠሉ እንዳለ ስለሚጠጣ ለእሳቸው አይሆንም።

ወደ አንቺ ስመጣ፣ ከምግብ ጋር አትጠጪው። ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን የምናገኘውን ብረት ሻይ እንዳይገባ ይይዘዋል። ቀይ ሻይም ቡናም ያው ነው። ከበላሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። የብረት ክኒን የምትወስጂ ከሆነም እንደዚያው።

ስለ ጥቅሙ፦ መጥፎውን ኮሌስትሮልና የደም ግፊትን በትንሹ ዝቅ ያደርጋል። በትንሹ ነው፤ የግፊት ክኒን የሚያስጥል አይደለም። በ2006 የወጣ አንድ የጃፓን ጥናት ከ40 ሺህ በላይ የኦሳኪ አካባቢ ነዋሪዎችን ተከታትሎ ነበር። በቀን አምስት ሲኒና ከዚያ በላይ በሚጠጡት ላይ በልብና በደም ሥር በሽታ መሞት ቀንሶ ተገኝቷል። በካንሰር ሞት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ክትትል ብቻ ስለሆነ ሻዩ ነው ያዳናቸው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ከሪያድ
እኔ ቦርጬን የቀነስኩት በግሪን ቲ ነው። ድሮ ለስላሳ ሳልጠጣ አልውልም ነበር፤ አሁን በእሱ ፋንታ ያለ ስኳር ግሪን ቲ እጠጣለሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ ነው የምወስደው። ክኒኑንም ልጨምርበት እያሰብኩ ነው።

ፋርማሲስት (አዲስ አበባ)
ወንድሜ፣ በርታ፣ ግን የቀነሰህ በአብዛኛው የለስላሳው መቅረት ነው። አንድ ጣሳ ለስላሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2012 የተለያዩ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ በግሪን ቲ የመጣው የክብደት ቅነሳ ከቁጥር የማይገባ ነበር። ክኒኑን እባክህ ተወው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው፣ ኢጂሲጂ የሚባለውን የግሪን ቲ ካቴኪን በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በክኒን መውሰድ ጉበት ላይ የጉዳት ምልክት ያመጣል። ሲኒ ላይ ያለው ሻይ ሌላ ነው። በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሽህ ከሆነም ቁርስህን አስቀድም፣ ሻዩን ከሰዓት በኋላ አድርገው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ በሁለት ብርጭቆ እየገለበጥኩ አፈላሁት፣ ምሬቱ ጠፍቷል። እማዬም ከሐኪሟ ጋር እስክትነጋገር ትታዋለች። አንድ ልጨምር፦ የወንድሜ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷስ?

ፋርማሲስት (አዲስ አበባ)
አንድ ሲኒ፣ ከምግብ ርቆ፣ ችግር የለውም። በእርግዝና ጊዜ ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። አንድ ትልቅ ሲኒ ግሪን ቲ 30 ሚሊግራም ገደማ አለው። ግን ቡናዋንም አብራችሁ ቁጠሩ፤ አቦል ቶና የምትጠጣ ከሆነ ቶሎ ይሞላል። ደሟም አንሶ ከሆነ የብረት ክኒኗን በውሃ ትውሰድ፣ ሻዩን ሌላ ሰዓት ላይ።