የጋራ ጥናት ዕቅድ፦ የተማሪዎች የሥነ ምግብ ዕውቀትና ጭንቀት በወረርሽኝ ወቅት

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ረቂቅ ደርሷችኋል። ርዕሱ «የሥነ ምግብ ዕውቀት በወረርሽኝ ወቅት በተማሪዎች ጭንቀት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል። ዓርብ መግባት አለበትና ያልጣማችሁን ሳትሸፋፍኑ ጻፉ።

የመረጃ ትንተና፦ «ተጽዕኖ» ይውጣ። አንድ ጊዜ መጠይቅ በትነን መንስኤና ውጤት መለየት አንችልም። ተማሪው ስለ ምግብ ስላወቀ ይሆን ያልተጨነቀው፣ ወይስ ስላልተጨነቀ ለማንበብ ፋታ አግኝቶ? «ዝምድና» ይበቃናል። የባሰው ሌላ ነው። የመረጥነው ባለ 10 ጥያቄ የኮኸን የጭንቀት መለኪያ የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ወር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የጠራው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው፤ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ያወጀው ደግሞ ሜይ 5 ቀን 2023። ዛሬ «ያኔ ምን ያህል ተጨንቀህ ነበር?» ብንል የምንሰበስበው ትዝታ ነው።

የተማሪዎች ተወካይ፦ ያኔ የነበሩት እኮ አብዛኞቹ ተመርቀው ሄደዋል!

ሰብሳቢ፦ እና እንተወው?

የሥነ ምግብ ክፍል፦ ኧረ አንተወውም። ያኔ የቸገረው መነሻ ማጣት ነበር፤ በወረርሽኙ መሐል የተለካ ጭንቀት ከቀድሞው ጋር ካልተወዳደረ ብዙ አይናገርም። እኔ የምለው፦ አሁን በደህናው ጊዜ እንለካ፣ በየዓመቱ እንድገመው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውንም ፈቃድ ከወዲሁ እንጠይቅ። ቀጣዩ ወረርሽኝ ሲመጣ መጠይቁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ዕውቀትን ብቻ መጠየቁንም አልወደድኩትም። ባለፈው ሳምንት ረቂቁን የሞከርኩባት ተማሪ ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አትክልትና ፍራፍሬ ቢያንስ 400 ግራም መሆኑን ሳታመነታ መለሰች። ከላፕቶፗ አጠገብ ግን ሁለት ባዶ የለስላሳ ጠርሙሶች ቆመው ነበር። ዓይኔን ተከትላ አየቻቸውና «ፈተና ነው እኮ» ብላ ሳቀች። ልጅቷ ዕውቀት አልጎደላትም። ካፌው ሲዘጋ፣ ኪስ ሲሳሳ፣ ሌሊቱ ቀን ሲሆን ደግሞ የሚያውቁት ሁሉ አፍ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ዕውቀቱን፣ አበላሉን፣ የመግዛት አቅሙን ለየብቻ እንጠይቅ። ጭንቀት አንዱን ያስበላዋል፣ ሌላውን ይዘጋዋል፤ «አመጋገብህ ተለውጧል?» ብቻ ካልን ሁለቱ ተጣፍተው ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል። ጨመረ ወይስ ቀነሰ ብለን እንጠይቅ።

የተማሪዎች ተወካይ፦ ይሄ ሁሉ ተጨምሮ ግን ማን ይጨርሰዋል? እኔ ራሴ በስልክ ሞልቼው ግማሹ ላይ ሰለቸኝ። መሐል ላይ ጥያቄው ተገለበጠብኝ፤ ስለ ችግር ሲጠይቀኝ ቆይቶ ድንገት «ነገሮች እንደፈለግከው እየሄዱልህ እንደሆነ ተሰምቶህ ያውቃል?» አለኝ። እኔ «ብዙ ጊዜ» የሚለውን መጫኔን ቀጥያለሁ።

የመረጃ ትንተና፦ ጎበዝ፣ ጥሩ አነሳህ። 4፣ 5፣ 7 እና 8ኛ ጥያቄዎች ነጥባቸው ተገልብጦ ነው የሚደመረው፤ ድምሩ ከ0 እስከ 40 ነው። ሁሉንም አንድ ዓይነት የሞላ ካለ ለብቻው እናየዋለን። የናሙናውን ነገር በተመለከተ፣ የተለመደው ስሌት 384 ተማሪ ይሰጠናል፤ ለማይመልሱት 10 በመቶ ሲጨመር 423። ግን በኢንተርኔት ብቻ ከበተንን ቁጥሩ ቢሞላም የምናገኘው ኢንተርኔት ያለውን ነው። ግቢ ሲዘጋ በጣም የሚቸገረው ደግሞ የሌለው ነው። ስልክ ደውሎ የሚጠይቅ ሰው በጀት ውስጥ ይግባ።

ጸሐፊ፦ የድብርት መለኪያም ይጨመር የሚል ሐሳብ በግል ደርሶኛል።

የሥነ ምግብ ክፍል፦ ባለ 9 ጥያቄው ከሆነ፣ የመጨረሻው ራስን ስለመጉዳት ነው። «አዎ» ያለን ተማሪ በዚያው ቀን የሚያገኝ አማካሪ ከሌለን ባንጠይቅ ይሻላል። ስም የለሽ መጠይቅ አድርገነው ደግሞ ማንን እናገኛለን?

ሰብሳቢ፦ እስማማለሁ፤ አይገባም። የምክር አገልግሎቱ አድራሻ ግን መጠይቁ መጨረሻ ላይ ይኑር። ርዕሱንና ናሙናውን የመረጃ ትንተና፣ የምግቡን ክፍል እርስዎ እስከ ረቡዕ አስተካክሉልኝ።

የተማሪዎች ተወካይ፦ እኔ ሐሙስ ለአሥር ልጆች አስሞላዋለሁ። ከ15 ደቂቃ ካለፈ ግን መቀስ ይዤ ነው የምመጣው።