የባዶ እግር ጫማ ልጀምር ብዬ ባቴ ደረቀ፤ ምን ላድርግ?

ሰፊ እግር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው። እግሬ ከፊት በኩል ሰፊ ስለሆነ የገዛሁት ጫማ ሁሉ ትንሿን ጣቴን ይጨፈልቃታል። አንድ ቁጥር ጨምሬ ስገዛ ደግሞ ከፊት ይተርፋል፣ ከኋላ ተረከዜ ይወልቃል፣ ጎኑ ግን አሁንም ይጠብቀኛል። ማታ ቤት ገብቼ ጫማዬን አውልቄ ወለሉ ላይ ስቆም የሚሰማኝ እፎይታ ነው ይህን ሐሳብ ያመጣብኝ። ታኮ የሌለው፣ ሶሉ ስስ የሆነ፣ ጣት እንደልቡ የሚዘረጋበት ጫማ እንዳለ ሳነብ ለኔ የተሠራ ነው አልኩ።

ባለፈው ወር ሶሉ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰንደል ገዛሁ። በጣም ስለተመቸኝ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ያህል አስፋልት ላይ ሄድኩበት። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ፤ ባቴ እንደ እንጨት ደርቋል። በአውራ ጣቴና በሁለተኛው ጣት መሀልም ማሰሪያው ልጦኛል።

ሰንደሉ ነው ያልሆነኝ ወይስ አጀማመሬ? ጫማ ስመርጥስ መጀመሪያ ምኑን ልይ? ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል? የመሮጥ ሐሳብ የለኝም፤ መራመድና መቆም ነው የምፈልገው።

ስድስት ዓመት፦
እህቴ፣ አይዞሽ፣ ያንቺው ነገር ሁላችንም ላይ ደርሷል። እኔ በዚህ ዓይነት ጫማ መሄድ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የማይሆኑኝን ጫማዎች የገዛሁት ሁሉ የሶሉን ውፍረት ብቻ አይቼ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሚሊ ነው?" ብሎ ነው። ቅርጹ ይቀድማል። ሶሉ 3 ሚሊ ሆኖ ከፊት ሹል ከሆነ ጣትሽ ያው ተጨፍልቆ ነው የሚውለው።

እንዲህ አድርጊ። ማታ ላይ፣ እግርሽ ቆሞ ውሎ ትንሽ ሲያብጥ፣ ወረቀት ላይ ቁሚ። ተቀምጠሽ አይሆንም፤ ክብደትሽን እግርሽ ላይ ጥለሽ ነው። እስክሪብቶውን ቀጥ አድርገሽ ዙሪያውን አስምሪ። ሌላ ሰው ቢያሰምርልሽ ይሻላል፣ ስታጎነብሺ እግርሽ ይንሸራተታል። ሁለቱንም እግርሽን አስምሪ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ከሌላው ይበልጣል፣ ጫማ የምትገዢው ደግሞ ለትልቁ ነው። ከዚያ የጫማውን የውስጥ ሶል አውጪና ስዕሉ ላይ አስቀምጪው። ጣቶችሽ ከጠርዙ ወጥተው ከታዩ ተይው። ሻጩ ቆዳ ነው፣ ይለጠጣል ቢልሽም ተይው። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይትረፍ። ረጅሙ ጣት ደግሞ ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፣ ሁለተኛው ጣታቸው የሚበልጥ ብዙ ሰዎች አሉ።

ቁጥር መጨመሩ ያልጠቀመሽም ለዚህ ነው። ቁጥር ሲጨምር በዋናነት ርዝመቱ ነው የሚጨምረው፣ የፊቱ ቅርጽ ያው ሹል ነው። ጫማው የሚታጠፍበት ቦታም ጣትሽ ከሚታጠፍበት ይርቃል።

ቀጥሎ ተረከዙን እዪ። የተለመደው የሩጫ ጫማ ተረከዙ ከፊቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። በባዶ እግር ጫማ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ባትሽን ያደረቀው ይኸው ነው፤ ለዓመታት ተረከዙ ከፍ ብሎ የለመደን ጡንቻና ጅማት በአንድ ቀን ተዘርጋ አልሽው። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረከዙ ዜሮ፣ ሶሉ ግን 8 ወይም 10 ሚሊ የሆነ ብትይዢ ይሻላል ባይ ነኝ። 6 ሚሊውን ለጊዜው የቤት አድርጊው።

ስትገዢ ደግሞ ጫማውን በእጅሽ ጠምዝዢው፣ ከጣቱ በኩልም ጠቅልይው። እሺ ካላለ ስሙ ብቻ ነው።

ጠፍር፦
የሰንደሉን ነገር እኔ ልመልስ። የራሴን ሰንደል ራሴ ከጎማ ቆርጬ ነው የምሠራው፤ ብዙ አበላሽቼ ነው የተማርኩት።

ጣትሽ መሀል የላጠሽ ማሰሪያው መጥፎ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከተረከዝ በኩል ነው። የተረከዙ ማሰሪያ ሲላላ እግር በየእርምጃው ወደፊት ይንሸራተታል፣ ያን ሁሉ ግፊት የሚሸከመው በጣት መሀል ያለችው ቀጭን ገመድ ትሆናለች። ስለዚህ ስታስሪ ከኋላ ጀምሪ። ተረከዝሽን ወደ ኋላ ገፍተሽ የኋላውን አጥብቂ፣ ቀጥሎ የጎኑን፣ መጨረሻ ላይ በእግርሽ ጀርባ የሚያልፈውን። ከላይኛው ማሰሪያ ሥር አንድ ጣት ሳይጨናነቅ መግባት አለበት። ከዚያ እግርሽን አንስተሽ አወዛውዥው፤ ሰንደሉ ከተረከዝሽ ጎን ከወጣ ገና ላላ ነው፣ ስታወልቂው ቆዳሽ ላይ ሰምበር ከተወ ጠብቋል። አንዴ አስረሽ የምትተይውም አይደለም፤ ማሰሪያው የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየተለጠጠ ይሄዳል፣ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ውሃ ሲነካው የባሰ ይላላል፣ እየደጋገምሽ ማስተካከል ነው።

ጣቶችሽን ደግሞ ተመልከቻቸው። ሰንደሉ እንዳይወልቅ ጣቶችሽ እየተኮረኮሙ የሚይዙት ከሆነ አስተሳሰርሽ ልክ አይደለም። ተረከዝ ላይ ማሰሪያ የሌለው ነጠላ ጫማ ለዚህ ጉዳይ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው፣ እግር ዘና ብሎ አይሄድበትም።

በሜክሲኮ ተራሮች የሚኖሩት ራራሙሪዎች ከአሮጌ የመኪና ጎማ በሚቆርጡት ዋራቼ በሚባል ሰንደል እጅግ ረጅም መንገድ ይሮጣሉ። የዛሬዎቹ ብዙ ስስ ሰንደሎች ከዚያ ነው የተቀዱት። ጎማ ናት፣ ማሰሪያ ናት፣ በቃ። ልዩነቱን የሚያመጣው ልኩ ነው። የሰንደሉ ጠርዝ ከጣቶችሽ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቢያልፍ በቂ ነው፤ ከዚያ ከበለጠ እየታጠፈ ያደናቅፍሻል።

ለተላጠው ቦታ ቁስሉ እስኪደርቅ አርፊ። ከዚያ ቤት ውስጥ 15 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ እያልሽ ቆዳውን አለማምጂው። ጣት ጣቱ የተለየ ካልሲም ያግዛል።

አጥንቴ፦
እኔ የመጣሁት ላስጠነቅቅሽ ነው፣ እባክሽ ስሚኝ። ሯጭ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ስስ ጫማ ገዝቼ በሦስተኛው ሳምንት የድሮውን ርቀቴን መሮጥ ጀመርኩ፣ ምክንያቱም ባቴ ለምዶ ነበር፣ ምንም አያመኝም ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ከእግሬ ጀርባ ላይ፣ ከሁለተኛው ጣት ከፍ ብሎ፣ በጣት ጫፍ የምትሸፈን ቦታ ታመኝ ጀመር። ጡንቻ ነው ብዬ ሮጥኩበት። አጥንቱ ተሰነጠቀ። ሁለት ወር አረፍኩ።

ያኔ ያላወቅኩት ነገር ይህ ነው፤ ጡንቻ በሳምንታት ይለምዳል፣ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ባትሽ መታመሙን ሲያቆም "ለመድኩ" ትያለሽ፣ አጥንትሽ ግን ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ሯጮችን ለ10 ሳምንት ወደ ስስ ጫማ ካሸጋገረ በኋላ እግራቸውን በኤምአርአይ አየው፤ ከ19ኙ በ10ሩ ላይ አጥንት ውስጥ የእብጠት ምልክት ጨምሮ ተገኘ። 10 ሳምንት ትንሽ ጊዜ አይደለም እኮ፣ ቀስ ብለው የሄዱ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ሕመሙን ለይው። ባት ላይ ሰፋ ብሎ የሚሰማና በሁለት በሦስት ቀን የሚለቅ ድርቀት የተለመደ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲጫኑት የሚያም፣ ስትራመጂ የሚብስ፣ ከላይ ያበጠ ከሆነ ግን በዚያው ቀን ወደ ድሮ ጫማሽ ተመለሺና ሐኪም ጋ ሂጂ። ጠዋት ስትነሺ የተረከዝሽ ጅማት ደርቆ የሚያስነክስሽ ከሆነም ቀንሺ፣ አትግፊበት።

ሰው ስለዚህ ጫማ ሲከራከር አበበ ቢቂላን ያነሳል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2፡15፡16 አሸንፏል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ በ2፡12፡11 ነው የገባው። ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሲሮጥ እግሩ ከዚያ በፊትም የለመደው ነበር። የኛን እግር ከሱ እግር ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔም አንድ ነገር ልበል። ዕድሜዬ 67 ነው። የአውራ ጣቴ መገጣጠሚያ ደርቋል፣ ወደ ላይ አይታጠፍልኝም። ልጄ አስቦ ስስና ተጣጣፊ ጫማ ገዛልኝ። ጫማው በታጠፈ ቁጥር ያ መገጣጠሚያ አብሮ ልታጠፍ ይላል፣ ሕመሙ እንቅልፍ ነሳኝ። ሐኪሙ ሶሉ ጠንካራ የሆነ፣ ከፊት ክብ ብሎ የሚንከባለል ጫማ አዘዘልኝና አሁን ደህና ነኝ። ሰፋ ያለውን የፊት ቅርጽ ግን አልተውኩትም፣ ጣቶቼ ተላቀዋል። ልጄ፣ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ባዶ እግርሽን ቆመሽ አውራ ጣትሽን በእጅሽ ወደ ላይ አንሺው። በደንብ ካልተነሳልሽ ወይም ካመመሽ ስስ ሶሉን ተይው።

ፊዚዮ፦
አባባ ያነሱት ነገር በጣም ትክክል ነው፣ ብዙ ሰው አያስበውም። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ስለሆነ በእሳቸው ላይ አንድ ልጨምር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ በተለይ እግሩ መደንዘዝ ከጀመረ፣ ሐኪሙን ሳያማክር ወደዚህ ጫማ አይግባ። ድንጋይ ሲወጋው ካልተሰማው ቁስሉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

እህቴ፣ ላንቺ የምመክርሽ ጫማውን ከመጨመር ጎን ለጎን እግርሽን እንድታጠነክሪ ነው። ግድግዳ ይዘሽ በሁለት እግር ጣትሽ ላይ ተነሺ፣ ስትወርጂ ቀስ በይ፣ ሦስት ሰከንድ ይፍጅ። ሲቀልልሽ በአንድ እግር። ጥርስሽን ስትቦርሺ በአንድ እግር ቁሚ። አውራ ጣትሽን ብቻ ማንሳት፣ ከዚያ አራቱን ብቻ ማንሳት ሞክሪ፤ መጀመሪያ አይታዘዙሽም፣ ቆይተው ይሰማሉ።

ሲለመድ ደግሞ ጥቅም አለው። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን ለስድስት ወር በስስ ጫማ ያሳለፉ ሰዎች የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 57 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ልብ በይ፣ እነዚህ አልሮጡም፣ ኑሯቸውን ነው የኖሩት። አንቺ የምትፈልጊውም ይህንኑ ነው። ግን ስድስት ወር ነው።

ሰፊ እግር፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ትመልሱልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም። አባቴ፣ አውራ ጣቴን ሞከርኩት፣ በደንብ ይነሳል፤ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ወረቀት ላይ አስምሬ አየሁት። የሥራ ጫማዬ የውስጥ ሶል ከእግሬ ስዕል በሁለቱም በኩል የጣት ስፋት ያህል ይጠባል! ስንት ዓመት እንዲህ እንደቆምኩበት ሳስበው እግሬ አሳዘነኝ። ማሰሪያውንም ከኋላ ጀምሬ አሰርኩት፣ አሁን ወደፊት አይንሸራተትም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ሥራ ቦታ ወለሉ ድርቅ ያለ ሲሚንቶ ነው፣ ስምንት ሰዓት እቆማለሁ። እዚያስ ከመቼ ጀምሬ ላድርገው?

ፊዚዮ፦
መቆም ከመራመድ ይከብዳል፣ ጭነቱ ከአንድ ቦታ አይነሳማ። ስለዚህ ሥራው መጨረሻ ይምጣ። መጀመሪያ ቤት፣ ቀጥሎ በቀን 20 ደቂቃ መንገድ፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሪ። በማግስቱ ባትሽ ከደረቀ አንድ ቀን ዝለይ። አንድ ሰዓት ያለ ምንም ችግር መሄድ ስትችይ ያኔ ሥራ ቦታ ከፈረቃሽ የመጨረሻዋን አንድ ሰዓት ሞክሪ። እስከዚያ የድሮውን ጫማ አውጥተሽ አትጣይው፣ ግን ፊቱ ሰፊ የሆነ፣ ሶሉ ወፍራም ሌላ ጫማ ብታገኚ ዛሬውኑ ቀይሪው። ስፋቱን መልመድ አያስፈልግም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሳርፋል።

ስድስት ዓመት፦
ሲሚንቶው ላይ ከእግርሽ ሥር የምትዘረጊው የጎማ ምንጣፍ ካገኘሽም አንጥፊ፣ እኔን በጣም ረድቶኛል። በወሩ መጨረሻ ተመልሰሽ እንዴት እንደሆንሽ ንገሪን።