«ምጽአት» ማለት የዓለም መጨረሻ ማለት ነው እንዴ?

ብዕረኛው፦
ሰላም ናችሁ፣ የቃል ጥያቄ ነበረኝ። ስለ ህዋ ለሚያወራ ዶክመንተሪ ሰብታይትል እየሰራሁ ነው፣ ፀሐይ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነዳጇ ሲያልቅ አብጣ ምድርን ምን እንደምታደርጋት የሚተርክ ክፍል አለው፣ እኔ እዛ ጋ «የምድር ምጽአት» ብዬ ጻፍኩ። ስራውን የሚያይልኝ ልጅ በቀይ አሰመረበትና «ማን ነው የሚመጣው?» ብሎ መለሰልኝ፣ ሌላ ምንም አላለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ግን ምጽአት ሲባል የማውቀው ሰማይ ሲጠቀለል ምድር ስትቃጠል ነው፣ ከባድ ነጎድጓድ ሲመጣ እንኳን «ምጽአት መሰለኝ» እንል የለ? ታዲያ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ኅልፈተ ዓለም ልበል? ስምንተኛው ሺስ ያስኬዳል? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ፣ ነገ ማታ ነው የማስረክበው።

ግዕዝ ወዳዱ፦
ልጁ ልክ ነው ወንድሜ። ምጽአት «መጽአ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ነው፣ መጽአ ማለት መጣ ነው። ስለዚህ ቃሉ ውስጥ እሳት የለም፣ ጥፋት የለም፣ መጨረሻም የለም፣ ያለው መምጣት ብቻ ነው፣ መምጣት ደግሞ የሚመጣ ይፈልጋል። ለዛ ነው «ዳግም ምጽአት» የምንለው፣ አንዴ መጥቷል ደግሞም ይመጣል ማለት ነው። ማቴዎስ 24 ላይ ደቀ መዛሙርቱ የጠየቁትን እየው፦ «የመምጣትህና የዓለም መጨረሻ ምልክቱስ ምንድር ነው?» መምጣትህ፣ ከዛ የዓለም መጨረሻ፣ ሁለት ለየብቻ የተጠሩ ነገሮች ናቸው። ይሄ የተጠየቀው ደብረ ዘይት ተራራ ላይ ነው፣ የዐቢይ ጾም 5ኛ እሁድም ደብረ ዘይት የሚባለው ለዚሁ ነው፣ በዛ ቀን ስለ መምጣቱም ስለ ዓለም ማለፍም ባንድ ላይ ስለሚሰበክ ሁለቱ በሰው ጆሮ ተጣብቀው የቀሩ ይመስለኛል።

ለማለቁ ግዕዙ የራሱ ቃል አለው፣ ኅልፈት ከ«ኀለፈ» ነው፣ ማለትም አለፈ፣ ኅልቀት ደግሞ ከ«ኀልቀ» ነው፣ ማለትም አለቀ። ሳነባቸው ደስ የሚለኝ ዛሬ በየደቂቃው የምንላቸው አለፈና አለቀ እዛ ውስጥ ቁጭ ብለው ሳያቸው ነው።

እና በናታችሁ «ምጽዋት» ብላችሁ አትጻፉ፣ ባለፈው አንድ ፖስት ላይ «ዕለተ ምጽዋት ደርሷል ንስሐ ግቡ» የሚል አይቼ አዘንኩ፣ ምጽዋት ለነዳይ የሚሰጠው ነው።

የአያቴ ልጅ፦
ስለ ስምንተኛው ሺ እኔ ልበል። አያቴ ውጭ ያለችውን አክስቴን በቪዲዮ ሳገናኛት መዳፏን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ፊቷን እየዳበሰች «ስምንተኛው ሺ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው» አለች። ተገርማም ፈርታም ነው። ልጅ አባቱን ሲሳደብ፣ ወንድም ወንድሙን ሲከስ ሁሉ እሱን ነው የምትለው፣ ስለዚህ በሰው አፍ የዓለም መጨረሻ ከማለት ይልቅ ዘመኑ ከፋ፣ ያልታየ ታየ ማለት ነው።

ግን በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ብትሄዱ ስምንተኛው ሺ ገና የሚመጣ ነገር አይደለም!! ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ በሱ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ትደምራላችሁ፣ 2018 ላይ 5500 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ሰባተኛው ሺ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው ማለት ነው፣ ከ1501 ጀምሮ ስምንተኛው ውስጥ ነን፣ ከ500 ዓመት በላይ። ይሄን ለአያቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ እኔስ ምን አልኩ» አለችኝ። ለዶክመንተሪህ ግን አይሆንም፣ የፀሐይ 5 ቢሊዮን ዓመት እና የኛ ሺ አይገናኙም።

ሰፊና፦
በኛም በኩል ተመሳሳይ ነው። ሙስሊሙ ቂያማ ይላል፣ ብዙ ሰው የዓለም ጥፋት ነው ብሎ ነው የሚሰማው፣ ግን ዐረብኛው ቃማ ከሚለው ነው፣ ቆመ ተነሳ ማለት፣ ሙታን ከመቃብር የሚነሱበት ነው። በአማርኛው ቁርኣን «የትንሣኤ ቀን» የሚባለው ለዚህ ነው፣ መጥፊያውን ጊዜ ደግሞ «ሰዓቲቱ» ይለዋል። እና አንዱ መምጣት አንዱ መነሳት፣ ሁለቱም በሰው አፍ መጥፋት ሆነው ቀሩ። ይገርማል ወላሂ።

ዝም አልልም፦
እኔ አልስማማም። ቋንቋ ሰው እንደሚናገረው ነው፣ «እስከ ምጽአት ብትጠብቀው አይመጣም» ስል ማንም ግስ አይቆጥርም፣ ሁሉም ይገባዋል። መዝገበ ቃላት ይዘን እናታችንን ልናርም ነው?

ግዕዝ ወዳዱ፦
እናትህን ማን ይነካል፣ በወሬ መሀል እኔም እላለሁ። ግን የሱ ጽሑፍ ሳይንስ ነው፣ ፀሐይ ስታብጥ የሚመጣ ፈራጅ የለም፣ እዛ ጋ ምጽአት ካለ ተራኪው ያልተናገረውን እምነት አፉ ውስጥ እያስገባበት ነው፣ የሚያምነውንም ሰው ቃሉን እያራከሰበት ነው። ሁለቱንም አይጠቅምም።

ብዕረኛው፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ በጣም። አንድ ቀረኝ፣ ተራኪው ሌላ ቦታ ላይ አፖካሊፕስ ይላል፣ እሱንስ?

ግዕዝ ወዳዱ፦
እሱም የተሰደደ ቃል ነው፣ በግሪክ አፖካሊፕሲስ መግለጥ፣ መጋረጃ ማንሳት ነው፣ የዮሐንስ ራእይ በግሪክ ስሙ እሱ ስለሆነ ነው የጥፋት ትርጉም የያዘው። አርማጌዶንም እዛው ምዕራፍ 16 ላይ የቦታ ስም ነው። ተራኪው ሊል የፈለገው ጥፋት ከሆነ ጥፋት በለው።

ብዕረኛው፦
እሺ፣ ርዕሱን «የምድር ፍጻሜ» አደረግኩት፣ አፖካሊፕሱን «ታላቁ ጥፋት»። መጀመሪያ ኅልፈተ ምድር ብዬ ነበር፣ ጮክ ብዬ ሳነበው የሐዘን መግለጫ መሰለኝና ተውኩት።

የአያቴ ልጅ፦
ጥሩ አረግክ፣ ህልፈት ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማን ሞተ ብሎ ነው።