ኤስፒኤስኤስ፣ ስታታ፣ ጃሞቪ ወይስ አር? ቴሲስ ለያዛችሁ የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ጥቆማ

ሰሞኑን ጎንደር፣ ሆስፒታሉ አካባቢ ቡና እየጠጣን አንዲት የማስተርስ ተማሪ «ጋሼ፣ ዳታዬን በምን ልሥራው?» አለችኝ። ላፕቶፗን ስትከፍተው ክራክ የተደረገ (ያለ ፈቃድ የተሰበረ) ኤስፒኤስኤስ ተጭኖበታል። ከጓደኛዋ ጓደኛ በፍላሽ የመጣ ነው። ቫይረሱም አብሮ መጥቶ ፋይሎቿን ሁሉ ሾርትከት አድርጎባታል። ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

የእኛን ሰፈር የጤና ቴሲስ ሜቶድ ክፍል ሳልገልጠው በቃሌ እወጣዋለሁ። ዳታው ኤፒዳታ በሚባል መመዝገቢያ ሶፍትዌር ይገባል፣ ወደ ኤስፒኤስኤስ ወይም ወደ ስታታ ይላካል፣ ከዚያ ባይነሪ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ውጤቱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ለሆነ ነገር የሚሠራ ትንተና)። አንዱ ከሌላው ሲቀዳ እዚህ ደርሰናል። ኤስፒኤስኤስን ለማጣጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ያለ፣ ኮድ ሳይጽፉ በማውዝ የሚሠሩበት ጎበዝ ሶፍትዌር ነው። ግን የሚሸጠው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከመቶ በላይ ወጣ። ያኔም አልቻልነውም፤ አሁንማ ወሬውም ቀርቷል። ግቢ ውስጥ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ማሽን ካገኛችሁ ግን አትለፉት።

አንድ ቴሲስ ጨርሶ ወደ ሥራው ለሚመለስ ሰው የእኔ ምርጫ ጃሞቪ ነው። ነጻ ነው። ኤስፒኤስኤስ ለለመደ ሰው አይከብድም፤ የኤስፒኤስኤስንም የስታታንም ፋይል ይከፍታል። ኦድስ ሬሾ (የአንዱ ምድብ ዕድል ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) የሚለው ላይ ምልክት ስታደርጉ ሠንጠረዡ ወዲያው ይሞላል። አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጃስፕ የሚባልም አለ፣ ከአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የመጣ። እሱም ነጻ ነው፤ እኔ ግን ብዙ አልሠራሁበትም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እኔን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ያንኑ ዳታ በሁለት ሶፍትዌር ሠራሁት። በኤስፒኤስኤስ 0.4 የነበረው የአንድ ባለሁለት ምድብ ቫሪያብል ኦድስ ሬሾ፣ በኮድ በሚሠራው ነጻ ሶፍትዌር በአር 2.5 ሆኖ ቁጭ አለ። ነጻ ነገር እንዲህ ነው ብዬ ልጥለው ነበር። ለካ ሁለቱም ልክ ናቸው! ኤስፒኤስኤስ ቫሪያብሉን ካቴጎሪካል (በምድብ የተከፈለ) ብላችሁ ስታስገቡለት፣ ካልነገራችሁት በቀር የመጨረሻውን ምድብ ማወዳደሪያ ያደርጋል። አር፣ ጃሞቪና ስታታ ደግሞ የመጀመሪያውን ይይዛሉ። 1ን ለ0.4 አካፍሉት፣ 2.5 ይመጣል። ስለዚህ በየትኛውም ሥሩ፣ ሪፈረንሱን (ማወዳደሪያውን ምድብ) ራሳችሁ ምረጡ። ዲፌንስ ላይ «ከማን ጋር ነው ያወዳደርሽው?» የሚል ፈታኝ አይጠፋም።

የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ የያዛችሁ ደግሞ ጨዋታችሁ ሌላ ነው። ቪ005 የሚባለውን ቫሪያብል ለ1,000,000 አካፍሎ የናሙና ክብደት (ዌይት) ማውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ክላስተሩንና ስትራታውንም (ናሙናው የተመረጠባቸውን አካባቢዎችና ንብርብሮች) ለሶፍትዌሩ መንገር አለባችሁ። ስታታ እዚህ ላይ ንጉሥ ነው። ኤስቪዋይሴት በምትባል አንድ መስመር ትእዛዝ ነገሩ ያልቃል። ጃሞቪን ለዚህ አልመክርም። ስታታም ቢሆን ርካሹ እትሙ ከ2,048 ቫሪያብል በላይ አይሸከምም፤ የጥናቱን የሴቶች ፋይል እንዳለ ልክፈት ብትሉት እምቢ ይላችኋል። የምትፈልጓቸውን ብቻ መርጣችሁ ክፈቱ።

ያንኑ ሥራ አር «ሰርቬይ» በሚባለው ፓኬጅ (ተጨማሪ መሣሪያ) በነጻ ይሠራዋል። («አር»ን በፊደላችን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ምን ይደረግ።) አልዋሻችሁም፣ ሥራው ኮድ መጻፍ ነውና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስለቅሳሉ። አንዲት ኮማ ብትረሱ ይጮኻል። ነገር ግን አድቫይዘራችሁ ማታ ደውሎ «ዕድሜን እንደገና መድቡት» ሲል አንድ መስመር አርማችሁ ሁሉንም እንደገና ታስኬዱታላችሁ። የስታታ ዱ ፋይልም (ትእዛዞቹ የሚጻፉበት ፋይል) እንዲሁ ነው። በምርምር ልትቀጥሉ ካሰባችሁ አርን ልመዱ። አድቫይዘራችሁ የስታታ ሰው ከሆነና ፈቃዱ ካለ ግን ስታታን ያዙ፤ ስትጣበቁ ከጎናችሁ የሚቀመጥ ሰው ዋጋው ብዙ ነው።

የአርን ፓኬጆች ዋይፋይ ያለበት ቦታ አስቀድማችሁ አውርዱ። የኢንተርኔት ዳታ ከሌላችሁ የጓደኛችሁን የላይብረሪ ፎልደር (ፓኬጆቹ የተቀመጡበትን) በፍላሽ መቅዳት ይቻላል፤ ዊንዶውስ ለዊንዶውስ፣ የአር ቨርዥኑም አንድ ዓይነት ይሁን።

«ዳታ አናሊሲስ እንሠራለን» የሚሉትን በተመለከተ፣ ከከፈላችሁ አውትፑቱን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ኮዱንም ተቀበሉ። አንድ ወዳጄ ሠንጠረዦቹን ብቻ ተቀብሎ ነበር። ማረሚያ ሲመጣበት ሰውየው ስልክ አላነሣም። ሁሉንም ከዜሮ ጀመረው።

ልጅቷ ጃሞቪን መርጣለች። ላፕቶፑ ግን መጀመሪያ ፎርማት ይደረጋል።