የሠርግ ካርዱን በጥቁርና በወርቅ ሠርቼ የሙሽራዋ እናት አልቀበልም አሉ! ነገ ጠዋት ህትመት ይገባል

ጠያቂ፣ ማታ 2:10
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። ሙሽሮቹ ራሳቸው ጥቁርና ወርቅ መርጠው፣ ዲዛይኑን አይተው ወደውታል፣ ቀብድም ከፍለዋል። አሁን አመሻሽ ላይ የሙሽራዋ እናት ስልክ ላይ አዩትና «ይሄ የሠርግ ነው የመርዶ?» አሉ። ሙሽራዋ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ማተሚያ ቤቱ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀምራል፤ 400 ካርድ ነው። በምን ቀለም ልቀይረው? ደስታ ያለው፣ ግን ክብሩን የማያጣ። ቢጫ? ነጭ? እባካችሁ!

ሰላም ነሽ
ነጭ አድርገው። ነጭ አያሳፍርም።

የማተሚያ ቤት ልጅ
ጥቁሩ የወረቀቱ ቀለም ነው ወይስ ነጭ ወረቀት ላይ ታትሞ ነው? ወርቁስ ፎይል ነው (በሙቀት ተጭኖ የሚለጠፈው አብረቅራቂ ስስ ሽፋን)? ይሄን ሳትነግረን መልስ መስጠት ይከብዳል።

ቀለም ወዳድ
«ነጭ አያሳፍርም» የሚባል ነገር የለም። ቻይና ውስጥ በባህሉ ነጭ የለቅሶ ልብስ ነው፣ ሙሽራዋ የምትለብሰው ቀይ ነው። የነጭ ቬሎው ልማድ የተስፋፋው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው (በአውሮፓውያን አቆጣጠር)። ያቺው ንግሥት ባሏ በ1861 ሲሞትባት ጥቁር ለበሰች። እስከ ሞተችበት እስከ 1901 አላወለቀችም።

እኛም አገር ነገሩ ቀላል አይደለም። ከል ጥቁር ነው፣ ሐዘን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ነጠላን ግን እዩት። በዓል ላይ የለበስሽውን ነጭ ነጠላ ለቅሶ ቤት ስትሄጂ ታዘቀዝቂዋለሽ። ክሩ ያው ነው፣ ንጣቱም ያው ነው። አለባበሱ ብቻ ነው የተለወጠው፤ ከሩቅ ያየሽ ሰው ግን ሐዘን እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ «ይሄ ቀለም ደስታ ነው፣ ያኛው ሐዘን ነው» ብሎ ሰንጠረዥ ማውጣት አይሆንም። ማን ነው የሚያየው? በምን ቀን? ከምን ጋር ተጣምሮ? እሱን ነው መጠየቅ ያለብን።

ሰላም ነሽ
እሺ፣ ግን ይሄ ሠርግ አዲስ አበባ ነው እንጂ ቻይና አይደለም። ነጭ በወርቅ፣ አለቀ።

ከዋሽንግተን
እኔ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ለምን ይቀየራል? የመልስ ቀን ሙሽሮቹ የሚለብሱትን ካባ አስታውሱ። ስንቱ ጥቁር ከፋይ ነው፣ ዳር ዳሩን በወርቅ የተጠለፈ! ያንን ለብሰው ሲገቡ እልል ይባላል እንጂ ማንም አያለቅስም። ጥቁር ከወርቅ ጋር ሲሆን የክብር ነው። ደግሞስ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ «ጥቁር እንግዳ» ብለን አይደል የምንቀበለው? ጥቁር እንግዳ በጥቁር ካርድ ቢጠራ ምን ነውር አለው? ሙሽሮቹ መርጠዋል፣ ሠርጉ የእነሱ ነው። እናትየውን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው።

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። ለክሊኒክ ታፔላ ቀይ መስቀል በነጭ ላይ ብሠራስ?

ቀለም ወዳድ
አይሆንም። ያ ምልክት በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ነው፣ ለግል ክሊኒክ አይፈቀድም። በሌላ ምልክት ሥራው፤ አረንጓዴም ያምራል። ለዚህ ግን ሌላ ጥያቄ ክፈት፣ እዚህ ሰው ተጨንቋል።

ጠያቂ፣ ማታ 3:25
ይቅርታ፣ ስልክ ላይ ነበርኩ። ወረቀቱ ራሱ ጥቁር ነው፣ 300 ግራም። ወርቁ ፎይል ነው፤ ክሊሼው (ፎይሉ የሚመታበት የብረት ቅርጽ) ተሠርቶ አልቋል፣ የሚያስፈራኝም የእሱ ወጪ ነው። ወረቀቱ ገና አልተገዛም። እናትየውን ለማስረዳት ለተባለው፣ ያስቸግራል። የሙሽራዋ አባት ባለፈው ዓመት ነው ያረፉት። እናትየው ከላቸውን ያወለቁት ለዚህ ሠርግ ብለው ነው።

እትዬ
ውይ ልጄ! ይሄን ነበር መጀመሪያ መጻፍ። እኔ ባሌን ከቀበርኩ በኋላ ልጆቼ ናቸው ለምነው ከሉን ያስወለቁኝ። ሳጥን ውስጥ አጥፌ ሳስቀምጠው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት ጥቁር ጃንጥላ እንኳ መያዝ አልወድም ነበር። እኚህ ሴት ገና አሁን ጥቁር ከላያቸው አውርደው፣ በልጃቸው ሠርግ ጥቁር ካርድ ይዘው ዘመድ ቤት ይዙሩ? ምርጫቸው ጠፍቷቸው አይደለም፣ ሆዳቸው ባብቶ ነው።

ከዋሽንግተን
አባትየው ማረፋቸውን አላወቅኩም። ያልኩትን ትቼዋለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

የማተሚያ ቤት ልጅ
እንግዲህ ወንድሜ፣ ክሊሼው ተርፎልሃል። ፎይል በሌላ ቀለም ወረቀት ላይም ይመታል፤ መጠኑንና ቦታውን አትንካ፣ ወረቀቱን ብቻ ቀይር።

ነጭ አልመክርህም። ቀጭን የወርቅ ፊደል ነጭ ላይ መብራት ሲያርፍበት ይጠፋል፣ ትልልቅ ሰዎች አያነቡትም። የአንተ ፊደል ደግሞ ለጥቁር ወረቀት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ቀጭን ይመስለኛል። ቢጫም እንደዚያው፣ ወርቁን ይውጠዋል። ወይን ጠጅ ያዝ። ጠቆር ስለሚል ወርቁ ጎልቶ ይወጣበታል፣ ሙቀት አለው፣ ካባም በወይን ጠጅ ይሠራል። ፖስታውን ክሬም አድርገው። እናትየው መጀመሪያ በእጃቸው የሚይዙት ፖስታውን ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ቀለም የተነከረ ወረቀት ግዛ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ አታሳትም። ሲታጠፍ ጠርዙ ይሰነጠቅና ነጩ ይወጣል፣ ካርዱ ያረጀ ይመስላል። ወይን ጠጅ ከጠፋ ጥልቅ ያለ አረንጓዴ ፈልግ። እናትየው ፊት ግን «ጥቁር አረንጓዴ» ብለህ እንዳትጠራው!

ስልክ ላይም ዳግም አታሳያቸው። ስክሪን ማታ ማታ ሁሉንም ነገር ያጠቁራል፣ ወይን ጠጁን ጥቁር ነው ሊሉህ ይችላሉ። ማተሚያ ቤቱን በ3 ሰዓት ፋንታ 5 ሰዓት እንዲጀምር ለምነው። ጠዋት አንድ ወረቀት ግዛ፣ ፎይሉን አስመታበት፣ ሄደህ በእጃቸው ስጣቸው። በቀን ብርሃን ይዩት።

ሰላም ነሽ
ወይን ጠጅ! እኔም ተስማምቻለሁ። ነጭ ግን አሁንም ያምራል።

ከዋሽንግተን
ካባውን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምር። ሙሽራዋ ለመልስ ያሰፋችው ካባ ምን ቀለም ነው? ጥቁር ከሆነ እናትየው የሚያዩት የዚያን ቀን መሆን የለበትም። ዛሬውኑ ጠይቃት።

ጠያቂ፣ ማታ 4:02
ፎቶውን ልካልኝ ነበር። ካርዱን ከእሱ ጋር እንዲሄድ ብዬ ነው ጥቁርና ወርቅ የሠራሁት። ጥቁር ነው። ልደውልላት።